እናቴ የመረጠችው ደሴት

ውድ ኤርሚዮኒ፣

ከሌሮስ ደሴት ሰላም እልሻለሁ። ጭንቅላቴ ዞሯል። የቤተሰቡን ዕረፍት የት እናድርግ እያልን ሦስት ወር ስንነታረክ፣ እናቴ «ሌሮስ ካልሆነ አልሄድም» ያለችው ለባሕሩ ብላ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከመርከብ ስንወርድ፣ መረብ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ብድግ ብሎ እናቴን፣ «ቫንቱላ! አርባ ዓመት አኩርፈሽ አሁን ወጣልሽ?» አላት። እሷም «በዚህ ፀሐይ ያለ ባርኔጣ?» ብላ ተቆጣችውና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ለካ ወንድሟ ነው! እኛን «ለእናቴ አንድ ነኝ» እያለች ነው ያሳደገችን። በምን ተጣላችሁ ብላቸው፣ እሱ «በወይራ ዛፍ» ይላል፣ እሷ «በሠርጌ» ትላለች። ማንን ልመን? እኛ በከተማችን በተሰሎንቄ የጎረቤት ገመና ሳይቀር እናውቃለን፤ እዚህ ግን ደሴቱ ሁሉ የሚያውቀውን የገዛ እናታችንን ጉዳይ ሳናውቅ የቀረነው እኛ ልጆቿ ብቻ ነን።

ሻንጣችንን አጎታችን ቤት አስገቡት፤ የያዝኩት ሆቴል ባዶውን ቀረ። «እማዬ፣ ዕረፍቱስ?» ብላት፣ «የምን ዕረፍት? ቤቴ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። እናትሽን አጥብቀሽ ሳሚልኝ፤ ያልነገሩሽ ነገር ካለም ዛሬውኑ ጠይቂያቸው።

ያንቺው ፎቲኒ