በረኪናው ያልደረሰበት ስንጥቅ

ሰኞ፣ ግንቦት 22 ቀን 2008

…ግን ያን ቀን የወንድሜ አውራ ጣት ላይ የነበረው ትንኝ የነከሰው የሚመስል ብጉር ነበር፤ እንዲያውም ስቄበት… ዛሬ መካከሉ ጠቁሯል አለኝ በስልክ። አያመውም። አለማመሙ ነው የሚያስፈራኝ።

የጎረቤቱ በሬ መንገዳገድ ሲጀምር ወንድሜ ጋሼ አዳሙ ቢላዋውን ይዞ ሮጠ። ሳይሞት ስለታረደ ጥንብ አይደለም፤ በመንደሩ ሰዎች ዘንድ ሕጉ ይኸው ነው። ደሙ ጠቁሮ አልረጋ ሲል እንኳ ሳይጠይቁኝ ሥጋውን ተካፈሉት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ እኅቱ እዚህ እንጅባራ ቁጭ ብላ!

አባ ሰንጋ ነው። ሥጋውን የበሉት ሁሉ መድኃኒት ጀምረዋል። ጋሼም መርፌ እየተወጋ ነው። ይድናል ብለውኛል። ይድናል።

የቀረው ቢላዋው ነው። ለሐሙሱ ሠርግ ሊያውሰው ነው።

ማክሰኞ

አለቃዬን ቢላዋውን የሚያጸዳ መድኃኒት ብጠይቃቸው አልኮል ውሰጂ አሉኝ። «አልኮል የማይገድለው ምን አለ?» መጋዘኑ ውስጥ ሌላ ነገር የለም።

ዝም ማለት አቃተኝ። ይህ ባክቴሪያ ሲጨንቀው ስፖር ይሆናል አልኳቸው። ራሱን በድርብርብ ሽፋን ጠቅልሎ፣ ውስጡን አድርቆ ይተኛል። አልኮል ውስጥ ቢነከርም እንደተኛ ይቆያል። በረኪና ግን ሽፋኑን አልፎ የውስጡን ስስ ቆዳ ይጎዳል። ስፖሩ ወዲያው አይፈርስም፤ ሊነቃ ሲል ነው ራሱን መያዝ የሚያቅተው። ለዚህም በረኪናው ጊዜ ይፈልጋል። ደም ካለ ደግሞ በረኪናው ደሙ ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል።

«ብዙ ታነቢያለሽ» አሉና ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

በረኪናውን ከሱቅ ገዛሁ። ማታ ለጋሼ ደወልኩለት።

ረቡዕ

እስከ ዳንግላ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ጭቃ።

ጋሼ ደጅ ተቀምጧል። ቢላዋው አጠገቡ ያብለጨልጫል። በረኪና ውስጥ ነክሬዋለሁ አለኝ፤ ኮርቷል። እጀታውን አየሁት። አባታችን የጠረበው እንጨት ነው። ስንጥቁ ውስጥ ደም ደርቋል።

እጀታው ይቃጠል፣ ብረቱም እሳት ውስጥ ይግባ አልኩት። ሳልጮህ አልቀረሁም።

«በስልክ በረኪና ውስጥ ንከረው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ነከርኩ። አሁን ደግሞ አቃጥል!»

እኔ ነኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ በረኪና ብዬ ዘጋሁት። መጀመሪያ እጠበው አላልኩም። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አላልኩም። ለአለቃዬ ያን ሁሉ የዘረዘርኩ ሴት፣ ለወንድሜ አንዲት ቃል!

ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ሲናደድ ወደ አዊኛ፣ ወደ ቤታችን ቋንቋ፣ ይዞር ነበር። ዛሬ በአማርኛ ብቻ መለሰልኝ፣ እንደ እንግዳ።

«የአባቴ እጅ ያለበት ነው» አለ።

ቢላዋውን ሊወስዱ ከሠርግ ቤት የተላኩት ከጓሮ በኩል ተጣሩ። በደህናው እጁ ቢላዋውን አነሳ። ጓዳው ውስጥ እሳት ይነድዳል፤ የጓሮው መውጫም በዚያው ነው። ልከተለው ተነሣሁ።

ገባና በሩን ዘጋው። ወደ እሳቱ ይሁን ወደ ጓሮው፣ ከዚህ አይታየኝም።