በሐጃ ሰልሰቢል ዛፍ ላይ የበቀለው ተቀጽላ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ ይጠዘጥዝዎት ነበር። የእማዬ ዐይን ተሻላት? እህቴ ፋሪሃስ በሰላም ተገላገለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚጎዳኝ የለም።

ከአሠሪዬ ከሐጃ ሰልሰቢል ጋር ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ከተመለስን ሦስት ወራችን ነው። ቤቱን ስናገኘው በር የለው፣ መስኮት የለው። ልጃቸው ተውፊቅ የተከለው የኒም ዛፍ ብቻ ነው የተረፈው። እኛ ከጦርነቱ ወደ ፖርት ሱዳን ስንሸሽ ተውፊቅ ቤት እጠብቃለሁ ብሎ ቀርቶ ነበር። ጎረቤታችን ነጂብ በእጁ እንደቀበረው ምሎ ነገራቸው። እሳቸው ግን «መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል» ይላሉ እንጂ አይሰሙም።

ዛፉን ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ያጠጣው አልነበረም። ቅርንጫፉ ደርቋል፤ ግን እዚህም እዚያም ለምለም ቅጠል ጉች ጉች ብሎበት ቀይ አበባ አውጥቷል። ሐጃ በየማለዳው ሥሩ ተቀምጠው፣ ልጄ የተከለው አልሞተም እያሉ አላህን ያመሰግናሉ። እኔ ግን ገና ሳየው ደነገጥሁ። እርስዎ ከብርቱካናችን ላይ እየቆረጡ ይጥሉት የነበረው ተቀጽላ ነው። ዘሩን ወፍ አምጥታ ትለጥፈዋለች፤ ከዚያ የዛፉን ውሃ እየጠጣ እሱ ይለመልማል።

አንድ ወር ዝም አልሁ። ደስታቸው ያ ብቻ ነበርና አፌ እንዴት ይታዘዘኝ? ዝም ባልሁ ቁጥር ግን ዛፉ እየሞተ ነው። በመጨረሻ ጎናቸው ተቀምጬ፣ «ሐጃ፣ ይህ ልምላሜ የዛፉ አይደለም፤ ካልቆረጥነው ያደርቀዋል» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ተነሥተው ገቡ። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ልጃቸውን ሁለተኛ የገደልሁባቸው መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ከነጂብ መጋዝና መሰላል ተውሰው ጠበቁኝ። እሳቸው መሰላሉን ያዙ፣ እኔ ወጣሁ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ፣ ከተጣበቀበት አንድ ክንድ ዝቅ ብዬ ቅርንጫፉን ጭምር ቆረጥሁት። ስጨርስ ዛፉ መላጣውን ቀረ። የሰፈሩ ፍየሎች ገብተው የወደቀውን ቅጠል ሲሻሙ ሐጃ ቆመው ብዙ አዩ። ከዚያ፣ «ኸላስ፣ በቃ ዘሊካ፤ ነጂብን ጥሪልኝ። ልጄን የት እንዳሳረፈው ያሳየኝ» አሉ።

በዚያው ቀን ሄድን። ከአፈሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ከመጣን እንባቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በማግሥቱ የቡሪ ሴቶች ተሰብስበው ለቅሶ ደረሷቸው።

ዛፉ ይዳን አይዳን አላውቅም። ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ውስጡ እርጥብ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ባልዲ እናጠጣዋለን። ይበቃው ይሆን? እርስዎ ያውቃሉና ይምከሩኝ።

የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ። ፋሪሃን ከነልጇ፣ ወንድሜን ሁዘይፋንም ትምህርትህን እንዳታቋርጥ ብላሃለች ብለው ሳሙልኝ። ሐጃም ሰላም ብለውዎታል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው፤ «አባትሽ ለሟቹ ልጄ ዱዓ ያድርጉለት ብለሽ ጻፊ» ብለውኛል።

ልጅዎ ዘሊካ ይማም
ካርቱም፣ ቡሪ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.