ኢክራምን ተቀብለዋት ነበር

ዘህራ፣ የኔ ሆድ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ካንቺ ከተለየሁ አስራ አንድ ወር አለፈ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸቴን በሕይወት ሳለሽ በደንብ ታውቂው ነበር። ጤናዬ ደህና ነው። ራሴን ግን ተጸይፌዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ስጨርስ ደብዳቤውን የልብስ ስፌት ሱቃችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ተማሪዎችሽ ሁሉ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የምንቀመጥበት የሳሎኑ መደብ፣ ነደባው፣ ቀለሙ ተልጦ ነበር፤ እህትሽ ዘይነብ በዒዱ ሰሞን መልሳ ቀይ አስቀባችው። ቧንቧው እንደምታውቂው ነው፤ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። የአፎቻሽ፣ የዕድርሽ ሴቶች ልብስሽን ለሰደቃ ሲያከፋፍሉ ነጩ የላቦራቶሪ ጋውንሽ ላይ ሲደርሱ ግራ ገባቸው። የኬሚስትሪ መምህር ጋውን ለማን ይሰጣል? መጨረሻ ላይ የሰፋኸው አንተ ነህ ብለው ለኔ ተዉልኝ። ኪሱ ውስጥ ስባሪ ጠመኔና አራት ቦታ የታጠፈ የስልጠና ማስታወቂያ አገኘሁ። ቀኑ ያለፈበት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ ያለው የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ያንቺ ነበር። ጨርቄን ወደ ጥግ ገፍተሽ ፎርም ትዘረጊበታለሽ። ከአቦከር፣ ከሸዋ በር ማዶ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጡት የሳይንስ ተማሪዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ስኮላርሺፕ፣ አንዷ የልምምድ ቦታ፣ ሌላው አጭር ስልጠና ይፈልጋል። ደንበኛ አባረራችሁብኝ ብዬ አጉረመርም ነበር። አንቺ ደግሞ ቀና ሳትዪ «ሱሪው ለነገ ይደርሳል፣ ይሄ ግን ዛሬ ካልሄደ ቀረ» ትይኛለሽ። አንድ ጊዜ የአንድ ተማሪን የውጤት ወረቀት ብጣሽ ወረቀት መስሎኝ የኮት ኮሌታ ልክ ቆረጥኩበት። ሦስት ቀን አላናገርሽኝም። በአራተኛው ቀን ትዝ ሲልሽ ሳቅሽ፤ እኔም እፎይ አልኩ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሐሙስ ባዶ ሆነ። እኔም ስራ ፈትቼ ስትጣይባቸው የኖርሻቸውን ነገሮች ማየት ጀመርኩ። ያንን የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ስሙን የማልጠራውን መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን፣ ሄጄ አየሁት። ማመልከቻው ማክሰኞ የሚያበቃ ከሆነ ረቡዕ ይለጠፋል። ዕድሉ ለማን ዘመድ እንደደረሰ ደግሞ ሳይለጠፍ በፊት ሰፈሩ ያውቀዋል። ለምን ዘገየ ብዬ ብጠይቅ ሰውዬው ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ «ለጥፈናል እኮ አባቴ፣ ሌላ ምን እናድርግ?» አለኝ። የጎረቤታችን የአሚና ልጅ ባዮሎጂ ተምራ ለልምምድ ሄደች፤ ክረምቱን ሙሉ ሻይ ስታመላልስና የድሮ መዝገብ ስትገለብጥ ከርማ የምስክር ወረቀቷ ላይ ማህተም ተመታላት። ማይክሮስኮፑ ከነላስቲኩ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ነው ትላለች፣ ማንም አልነካውም። ወረቀቱን ይዛ መጥታ ስታሳየኝ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት አቃተኝ።

ይህን ሁሉ እያየሁ በሰው ላይ ስተፋ ከረምኩ። ሌባ፣ ሰነፍ፣ የልጅ ዕድል የሚበላ፣ ያላልኩት የለም። ዘህራዬ፣ የባሰው እኔ ቤት መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

በሐዘኑ ሰሞን የአፎቻው ሰው ቤቱን ሞልቶ፣ ቁርአን እየተቀራ፣ ስልክሽ ይጮሃል። ደጋግሞ ይጮሃል። የሟች ስልክ እንዲህ ማስጮህ ነውር ነው አልኩና አጠፋሁት። በሻርፕሽ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ዘይነብ «ኢብራሂም፣ ልጆቹ በሱ ነው የሚፈለጉት፣ ክፈተው» አለችኝ። «የሚስቴን ምስጢር ማንም አይጎረጉርም!» ብዬ ሰው ፊት ጮህኩባት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ ሚስቱን የሚያከብር እንዲህ ነው አሉ። እኔም ኮራሁ፤ ወላሂ ኮራሁ።

ልጆቹ ለምን ያንቺን ስልክና ኢሜይል ፎርማቸው ላይ እንደሚሞሉ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚሞሉት። ግማሾቹ ስልክ የላቸውም፤ ያላቸውም ሲም ይቀያይራሉ። ኢንተርኔት ቤት የሚከፈትላቸው ኢሜይል የይለፍ ቃሉ በሳምንቱ ይጠፋቸዋል። ስለዚህ «የኔን ጻፉ፣ እኔ አልጠፋም» ትያቸው ነበር። ይህን በጆሮዬ እየሰማሁ ኖሬ፣ ስትሞቺ ስልኩን የቀበርኩት አንቺን ያከበርኩ መስሎኝ ነው።

ባለፈው ወር የኔ ስልክ ሸዋ በር ሚኒባስ ውስጥ ተሰረቀ። ሌላ እስካገኝ ብዬ ያንቺን ከሣጥን አወጣሁ። ሲሙ ተዘግቷል። የጎረቤቴን ኢንተርኔት ሲያገኝ ግን ኢሜይሎችሽ መውረድ ጀመሩ፤ አላቋርጥ አሉ። እንግሊዝኛዬ የወገብና የትከሻ ልክ ከመጻፍ አያልፍም፤ የኢክራምን ስም ግን ሦስት ቦታ ለየሁት። ዘይነብን ጠራኋትና አነበበችልኝ።

ኢክራም የምትወጃት ልጅ ናት። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጠው የአብዱ ልጅ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ሳለች የቧንቧ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጥታ «ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ያለችሽ። ኬሚስትሪ ተመርቃ፣ አዲስ አበባ ለውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ስልጠና ፎርሙን አብራችሁ የሞላችሁት። ስልጠናውን ለሚጨርስ የሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ አለው የተባለው። በሞትሽ በሁለተኛው ሳምንት ተቀብለናታል፣ በአሥር ቀን ውስጥ ታረጋግጥ ብለው ጽፈዋል። ቀጥለው ማስታወሻ ልከዋል። በሦስተኛው ድምጿን ስላልሰማን ቦታውን ለተጠባባቂ ሰጥተናል ይላል። ዘይነብ አንብባ ስትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ገና አልጨረስኩም። የኢክራም ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ዘህራ ፎርሙን አልላከችውም፣ ቦታውን ለዘመዷ አሳልፋ ሰጥታ ነው የሞተችው ሲሉ ከርመዋል። ስላንቺ! ይህን ስሰማ ደሜ ፈልቶ ከአብዱ ጋር ሰላምታ አቁሜ ነበር። መስጊድ በር ላይ ሲያገኘኝ ፊቴን አዞርበታለሁ። ተበዳይ ነኝ ብዬ የተኮፈስኩት እኔ፣ ቁልፉ በኪሴ ነበር።

በማግስቱ ጊደር መጋላ ሄድኩ። ኢክራም የአባቷ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሴት እርድ ትመዝናለች። እዚያው ቆሜ ነገርኳት። እጇ ከሚዛኑ ላይ አልተነሳም።

«ተቀብለውኝ ነበር?» አለች።

«አዎ ልጄ።»

እርዱን በላስቲክ ቋጥራ ለሴትየዋ ሰጠች። ከዚያ «ጋሽ ኢብራሂም፣ ዓመት ሙሉ አልችልም ማለት ነው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ቲቸርን በክፉ ሳማት ነው የከረምኩት። በእናትዎ ይሂዱልኝ» አለችኝ። ሄድኩላት።

ዘይነብ ስልጠናውን የሚሰጡት ዘንድ ደወለች። ቦታው ተይዟል፣ በሚቀጥለው ዙር እንደማንኛውም አመልካች ታመልክት አሉ። ሐዘን ነበረብን ብትላቸውም መልሳቸው ያው ነው። አልፈርድባቸውም፤ በጊዜው ጽፈዋል፣ ደግመው ጽፈዋል። አብዱንም ሄጄ አፉ በለኝ አልኩት። እጄን ጨበጠኝና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ስልክሽ ላይ የሌሎች ልጆች መልስም አለ። አብዛኛው አልተሳካም የሚል ነው፤ ቢሆንም ቤታቸው እየሄድኩ አንድ በአንድ እየነገርኩ ነው። ፊታቸውን ማየት ከባድ ነው፣ ግን ይገባኛል።

ኢሜይሉን ዘይነብ ተረክባዋለች። ሐሙስንም መልሰን ከፍተናል፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ ጨርቄን አነሳለሁ። ባለፈው ሐሙስ ኢክራም መጣች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም። «ይቅር ብዬዎት አይደለም የመጣሁት። ዙሩ ተከፍቷል፤ ቲቸር ብትኖር እዚህ ነበር የምታይልኝ» አለችና ወረቀቱን ለዘይነብ ሰጠች። ለምን ማመልከት እንደፈለገች የጻፈችው ነው። ዘይነብ የመጀመሪያውን መስመር ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፤ ውሃ ውስጥ ያለውን ማየት ያስተማረችኝ መምህርት ዘህራ ናት ይላል። ወደ ስፌት መኪናዬ ዞርኩና ክር የማስገባ መሰልኩ።

የኔ ሆድ፣ አልረሳሽም። ሰው ሟቹን በመልካም ብቻ ያነሳል። እኔ ግን ስላንቺ መልካም ባወራሁ ቁጥር ያጠፋሁትንም አብሬ ልናገር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ አማናሽን፣ አደራሽን የበላሁ ባልሽ ነኝና ሌላ የማስታወሻ መንገድ አይገባኝም። ኢክራም በዚህ ዙር ትለፍም አትለፍም አላህ ያውቃል። ስምሽን በክፉ ያነሳ ሰው ሁሉ ግን ሱቄ በር ላይ ቆሞ ይህን ያንብብ፦ ዘህራ ፎርሙን ልካለች። መልሱ ላይ የቆለፍኩት እኔ ነኝ።

አላህ ይርሐምሽ።

ባልሽ ኢብራሂም
ሐረር፣ መኪና ግርግር