ሻምበል ሴት ሆና ከጭሱ ስትወጣ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያችን የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባለፈው ወር የተቀየረልዎ ባለ መደገፊያ ወንበርም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከሰሞኑ ምንም ነገር ስለማይሰማኝ፣ አሞኛል ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

በግልጽ ደብዳቤ መጻፌን እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደገቡ ስላላወቅኩ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ «ሻምበል» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ የእሳት አደጋ አለቃውን ቀልዶች ላለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሻምበል እሳት ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣ፣ ጣሪያው እየተደረመሰም የሚቀልድ ጀግና ነው። ተዋናዩ ሲያረጅ ወይም ከጣቢያው ጋር ሲኳረፍ፣ ጭስ ውስጥ ይገባና ሌላ ፊት ይዞ ይወጣል፤ ተመልካቹም ይህ ደግሞ ማነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሦስት ወንዶች እንዲህ ተቀባብለውታል። ዘንድሮ ከጭሱ የወጣችው ግን ሴት ናት። ቅሬታዎቼም ከዚያ ይጀምራሉ።

አንደኛ፤ ስለ ማክሰኞው ንባብ። እንደሚያውቁት በጣቢያችን ደንብ ማንኛውም ጽሑፍ ከመቀረጹ በፊት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሠራተኛው ይነበባል፤ ሰው በሳቀ ቁጥር የቢሮዎ ጸሐፊ በእርሳስ አንድ ጭረት ታሰምራለች፤ ጭረት ያነሰው ቀልድ ይወድቃል። በዚያ ማክሰኞ ተዋናይቷ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ ስለነበር በእርሷ ፈንታ ያነበበልን የጣቢያው ሾፌር ነበር። መነጽሩን መኪናው ውስጥ ረስቶ፣ ወረቀቱን ከአፍንጫው ጋር አጣብቆ ነው ያነበበው። ሆኖም ከሚቃጠል ሕንፃ ላይ ሆኖ «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» እያለ ለሚጮኸው ባለሥልጣን ሻምበል የምትመልሰውን፣ «ጌታዬ፣ እሳቱም አላወቀዎትም፤ ይውረዱ» የሚለውን ሲያነብ፣ ክቡርነትዎ ዓይንዎ እንባ እስኪያቀር ስቀው ጠረጴዛውን ደበደቡት። የጭረቱ ድምር አሥራ ዘጠኝ ሆነ። በሳምንቱ ተዋናይቷ ድና መጥታ ያንኑ ወረቀት፣ ከሾፌሩ እጅግ በተሻለ አነባበብ አነበበችው። አራት ጭረት። ከአራቱ ሁለቱ የጸሐፊዋ የራሷ ሳቅ ናቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ስለሰማነው ነው እንዳይባል ደግሞ፣ የሻምበልን ምክትል የሚጫወተው ሰውዬ እዚያው ተቀብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው አሥራ ስድስት አገኘ። የሠራተኛውን ጆሮ እንዲህ ጥርት አድርገው ስላሠለጠኑልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ ቀልዱ ከሴት አፍ ሲወጣ ንቀት ይመስላል ተብሎ ለምክትሉ ተሰጥቷል። ተመልካቹ ከሻምበል ሳቅ እንዳያጣ በማሰብም፣ በምትኩ ሻምበል በውሃ ቱቦው ተጠልፋ እንድትወድቅ ተወስኗል። እስካሁን በተላለፉት አሥራ ሁለት ክፍሎች ሰባት ጊዜ ወድቃለች። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በድቅድቅ ጭስ ውስጥ ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ ያልተደናቀፈ ጀግና፣ ሴት በሆነ ማግስት በጠራራ ፀሐይ መሬት ለመሬት መሆኑ ሳይንስ ሊመረምረው የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አንድም ያላመለጣት አክስቴ ባለፈው ስልክ ደውላ «ምነው፣ ይቺን ልጅ ምን አድርገዋት ነው? ሰውየው እኮ እንዲህ አፉ አይያዝም ነበር» አለችኝ። አክስቴን ግር ያላት ሴት መሆኗ አልነበረም፤ ዝም ማለቷ ነበር። እኔ ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቅኳት።

ሦስተኛ፤ ስለ መመሪያው። አምስት ወንዶች ያሉበት ኮሚቴ አርቅቆ፣ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ የያዘችበት፣ «የሴት ጀግና የቀልድ አጠቃቀም መመሪያ» የተሰኘው ባለ ሦስት ገጽ ሰነድ ደርሶኛል። በእርሱም መሠረት ሻምበል በበላይ አካል ላይ አትቀልድም፤ በፈራ ወንድ ላይ አትቀልድም፤ በራሷ ላይ ግን እንዳሻት መቀለድ ትችላለች፤ ከመቀለዷ በፊት ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ከቀለደች በኋላ ፈገግ ትላለች። እስከ ዓርብ ካልፈረምኩ ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥም ከታች ሰፍሯል። በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ፣ እነዚህን ቀልዶች ከመጀመሪያውም የጻፍኩት እኔ ሴቲቱ ነኝ ብል፣ «አንቺማ ከወንድ ጋር ስትውይ ተበላሽተሽ ነው» በማለት ክቡርነትዎ በአባታዊ ርኅራኄ መለሱልኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊዋም ልማድ ሆኖባት አንድ ጭረት አሰመረች።

እዚህ ላይ ለአፍታ ጨዋነቴን ልተወው። እኔ በባንክ ሰልፍ ላይ፣ በክሊኒክ መስኮት፣ በዚያው በእርስዎ ስብሰባ ላይ ልናገረው ፈልጌ የዋጥኩትን ነገር ሁሉ ቤቴ ወስጄ ለሻምበል ስሰጠው ነው የኖርኩት። አሥራ ሰባት ዓመት የራሴን ንግግር በወንድ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ በነጋታው አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ለጓደኞቻቸው ሲደግሙትና ሲስቁ ከኋላ ወንበር ሆኜ አዳምጫለሁ። ሴቷ ስትመጣ፣ እንግዲህ እንደኔ ካለች ሰው አፍ ልሰማው ነው ብዬ ለመጀመሪያው ቀረጻ አዲስ ጫማ ገዝቼ ነበር። አሁን ማልቀስ እንዳለብኝ ይገባኛል፤ ለቅሶው ግን አልመጣም። ሲተኙበት እንደደነዘዘ ክንድ ነኝ፤ የኔ መሆኑ ይታየኛል እንጂ አይሰማኝም።

አራተኛ፤ ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በአደባባዩ ትልቅ ማስታወቂያ ላይ የሻምበልን ፊት ከምክትሏ ፊት ጥቂት ብቻ አሳንሰው ስላሰቀሉልን፣ ከሥሩም «ዘንድሮ ጀግናችን ሴት ናት» ብለው ላላስተዋለ ስላሳወቁልን ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

ዛሬ ዓርብ ነው። መመሪያውን ሳልፈርም ለጸሐፊዋ አስረክቤያለሁ። ተቀብላኝ መዝገብ ላይ አሰፈረችና፣ ቀና ሳትል «አንቺን ብሆን እኔም አልፈርምም» አለችኝ። መሳቢያዬን ባዶ አድርጌ ወጣሁ።

ለቀልዶቼ ካሳዩት ክብር ያላነሰ ክብር ለክቡርነትዎ እንዳለኝ እያረጋገጥኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ እንዲሁም ሁልጊዜ ቀድሞ የሚስቅልዎ ሠራተኛ እንዳይጎድልብዎ ከልብ እመኛለሁ።

እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሻምበል ቀልድ ጸሐፊ

ሳልረሳው፦ በመጪው ቅዳሜ ሴት ጀግናን ለተመልካች ስላበቁ ሽልማት ሲቀበሉ የሚያነቡትን አስቂኝ ንግግር እንድጽፍልዎ አዝዘውኝ ነበር። ጨርሼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። ከመመሪያው ንቅንቅ አላልኩም፤ በበላይ አካል ላይ አይቀልዱም፣ በፈራ ወንድ ላይ አይቀልዱም፣ በየመሃሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ይህ ሁሉ ተጠብቆ የተረፈው ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ መጨረሻው ላይ እርስዎ ራስዎ እንደ ሻምበል ተጠልፈው እንዲወድቁ ጽፌያለሁ። አወዳደቅዎ ጎልቶ እንዲሰማም መድረኩ ላይ ያለውን ምንጣፍ እንዲያነሱት ለአዳራሹ ሠራተኞች ነግሬያቸዋለሁ።