ስሜ የተፋቀበት የንጉሡ ታሪክ

ለምወድህ ወንድሜ ለፎርቱን፤ የዱዌሮን ወንዝ ተሻግሮ ሰላምታዬ ካለህበት ያግኝህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ፈረስህ ከእኔ በቀር ሰው አላስጠጋ ብሏል፤ እናታችን «ቁርጥ ጌታውን!» ትላለች። የድርሻህን በለስ አድርቄልሃለሁ።

ንጉሣችን ከዘመቻው ተመልሶ፣ በልጅነቱ ከነገሠበት ቀን እስከ ዘንድሮ ያለውን ታሪኩን ወንዱም ሴቱም በሚኖርበት ገዳማችን አስጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ደንቡም መጨረሻው ላይ ስሜን አሰፈርኩ። አበምኔቱ አባ ኑኖ ግን በዘመቻው ወንዙን ስለ ተሻገራችሁት የጻፍኩት ገጽ ላይ ሲደርሱ ተቆጡ።

«ወንዙን ከተሻገሩት አንድም አልተረፈም። ‹ገና ይጠበቃሉ› ብሎ ታሪክ አለ እንዴ?»

«አባ፣ ሬሳቸውን አይተዋል?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከብዕርሽ ይሾላል!»

«ሁለቱንም የሳሉልኝ እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ምረጪ፤ ወይ ቃሉ ይፋቃል፣ ወይ ስምሽ።»

የብራና መፋቂያውን ቢላዋ ራሴ አቀበልኳቸውና ስሜን በጣቴ አሳየኋቸው። አሁን መጽሐፉ የእሳቸው ነው ይባላል። ይባል! ቃሉ እንዳለ አለ።

ይህን የሚያደርስልህ የጨው ነጋዴ ቅዳሜ ይሻገራል፤ ሲመለስ በር ላይ እጠብቀዋለሁ። ያንን የዶሮ ጭረት የመሰለ ጽሕፈትህን አንዲት መስመር ላክልኝ። እናታችን ትሙት፣ ዘንድሮ አልስቅብህም።

ናፋቂ እህትህ ኦኔካ