አብሮ መውደቅ

ውድ እማዬ፣

ትናንት በስልክ ድምፅሽን ስለሰማሁ ደህንነትሽን ጠይቄ ወረቀት አልፈጅም። ደህና ነሽ፤ እንዲያውም ደስ ብሎሻል። ደስ ሲልሽ ቶሎ ቶሎ ታወሪያለሽ። ስለ ወንድሜ ምረቃ፣ ስለሚለብሰው ሱፍ፣ አባዬ የጭነት መኪናውን አቁሞ ስለመምጣቱ አንድ በአንድ ነገርሽኝ። እኔም «እሺ»፣ «ጥሩ ነው» እያልኩ ሰማሁሽ። ልትዘጊው ስትይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ያቺ ነገር ግን አደራ፣ አንቺና እኔ ጋ ትቅር። ቀኑን እንዳታበላሺበት» አልሽኝ። መልሴን ሳትሰሚ ዘጋሽው። ስለዚህ መልሱን በደብዳቤ እየላክሁልሽ ነው። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

«ያቺ ነገር» ትያታለሽ። ይኼን ሁሉ ዓመት አብራን ስትኖር ስም እንኳ አላወጣሽላትም። ዛሬ በስሟ ልጥራት ነው።

እኔና ወንድሜ መንታ ሆነን መወለዳችን ለጎረቤት ወሬ፣ ላንቺ ግን ሕግ ነበር። እሱን ሲያመው እኔም ከትምህርት ቤት እቀራለሁ። ሳይክል እኔ ቀድሜ ስለለመድኩ እሱ እስኪለምድ ድረስ ሳይክሉን ጓዳ አስገብተሽ ቆልፈሽበታል። የፊት ጥርሴ ቀድሞ የወለቀ ጊዜ እንኳ «ለሱ አታሳዪው፣ ይከፋዋል» ብለሽኝ አፌን በመዳፌ ሸፍኜ ሳወራ ሰነበትኩ። አስተማሪዋ አፌን ያመመኝ መስሏት ወደ ቤት ልካኛለች። «ልጆቼን ማንም አያበላልጥብኝም» ትያለሽ፤ ፀጉር ቤትሽ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ይኼን ሰምቶ «ምን ያለች እናት ናት!» ይላል። እኔም ይኼ ፍቅር ነው ብዬ አደግሁ። ፍቅርም ነበር፣ አልክድሽም። ጠባቂዋ ሁልጊዜ እኔ፣ የሚጠበቀው ሁልጊዜ እሱ መሆኑን ግን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤት የወጣ ቀን ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። አንዷ ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ ታንቀላፋለች፣ የሌላዋን ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለልሽላት ነው፣ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ፎጣ አጥፋለሁ። ወንድሜ ውጤቱን በራሱ ዓይን ማየት ፈርቶ የፈተና ቁጥሩን ለኔ ሰጥቶኝ ኳስ ሜዳ ሄዷል። መጀመሪያ በስልኬ የራሴን ከፈትኩ። አልፌያለሁ። ማለፍ ብቻም አይደለም፤ ውጤቴ ለሕክምና ላብራቶሪ ከሚጠየቀው በላይ ነበር። በትምህርት ቤታችን አንድ ለእናቷ ማይክሮስኮፕ ተራ ደርሶኝ ካየሁ ቀን ጀምሮ የተመኘሁት ትምህርት እሱ ነበር። ቀጥዬ የወንድሜን ከፈትኩ። ወድቋል።

ተነስቼ መጣሁና ጆሮሽ ስር «እማዬ፣ አለፍኩ» አልኩሽ። ማበጠሪያው እጅሽ ላይ ቆመ። ፊትሽ ሊፈካ ሲል አይቼዋለሁ። ወዲያው ግን «እሱስ?» አልሽኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ክንዴን ይዘሽ ፎጣ ወደምናሰጣባት ጓዳ ወሰድሽኝና በሩን መለስ አደረግሽው።

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለምን?»

«ዝም በይ ስልሽ ዝም በይ! እኔ አውቃለሁ።»

ቢጉዲን የተጠቀለለላት ሴትዮ ከውጭ ሆና «የልጆቹ ውጤት ዛሬ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ አልወጣም እንዴ?» ብላ ተጣራች። አንቺ በሩን ከፍተሽ ወጣሽ። «ኧረ ገና ነው እቴ! እነሱ ደግሞ መቼ ባሉበት ቀን አውጥተው ያውቃሉ!» አልሽና ሳቅሽ። እኔ እርጥብ ፎጣዎቹ መሃል ቆሜ ያንን ሳቅ ሰማሁ። ያለፍኩበት ቀን እንዲህ ነው ያለፈው።

ወንድሜ አመሻሽ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ። አፌን ሳልከፍት ቀደምሽኝ። «የኔ ጌታ፣ ለሁለታችሁም አልሆነም። በቃ፣ ፈተና ነው፣ ይደገማል» አልሽው። እሱ ውጤቱን ልየው ብሎ ስልኩን አልጠየቀኝም። እኔን ነው ያየኝ።

«እሷም?»

«እሷም።»

«የኔስ ይሁን፣ ራሴም ጠርጥሬ ነበር። አንቺ ግን እንዴት?» አለኝ። ከዚያ አቀፈኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ አብረን እንደግማለን» እያለ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። ለራሱ አልነበረም የሚያለቅሰው፣ ለኔ ነው። በትከሻው በኩል አሻግሬ አየሁሽ፤ አንቺ ሳህን እያወጣሽ ነበር። አባዬ ከመንገድ ላይ ሲደውልም ያንኑ ነገርሽው። ስልኩን ስትሰጪኝ «ወንድምሽ ኳስ ሲያሳድድ አንቺ መስታወት ስታሳድጂ ነው አይደል?» ብሎ ቀለደብኝ። እስከ ዛሬም ይኼን ቀልድ አልተወውም።

በማግስቱ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ወለሉን እየወለወልሁ ለመንኩሽ። «እማዬ፣ ምዝገባው ካለፈኝ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከዚያ እንደገና መፈተን አለብኝ» አልኩሽ።

«አንድ ዓመት ምን አላት? ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ታልቃለች። አንዴ ያለፈ ሰው ሁለተኛ ማለፍ ያቅተዋል?»

«እሱ ባይሄድ እኔ ለምን እቀራለሁ?»

«አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ እሱ ከበር ቆሞ እጁን ሊያውለበልብልሽ? ልጄ ይሰበርብኛል። እሱን ታውቂው የለም እንዴ? አንቺ ጠንካራ ነሽ።»

እማዬ፣ ጠንካራ መሆን ይኼን ያህል እንደሚያስቀጣ ባውቅ ኖሮ ልጅ ሆኜ ትንሽ ትንሽ አለቅስ ነበር። እሺ አልኩሽ። እናቴ ነሽ፣ እሱም ወንድሜ ነው፣ እኔም እንደዚያ ነበር የለመድኩት። ምዝገባው ሲዘጋ የሰው ራስ እያጠብሁ ነበር። ያን ቀን ለደንበኛዋ ውሃው እንደሞቃት መጠየቅ ረስቼ «ኧረ ልጄ ቀቀልሽኝ!» ስትል አንቺው ሮጠሽ መጥተሽ ይቅርታ ጠየቅሽልኝ። እሷን ይቅርታ ጠየቅሻት።

የዚያን ዓመት ነገር ለሰው ብነግረው አያምነኝም። ወንድሜ ቁጭ ብሎ ማጥናት አይሆንለትም፤ ለሰው ማስረዳት ግን ይወዳል። ይኼን ቀድመሽ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። «ያልገባሽ መስለሽ ጠይቂው፣ ሲያስረዳሽ ራሱ ይገባዋል» አልሽኝ። ብልሃትሽስ ብልሃት ነው፣ ሠርቷል! ቀን ፀጉር አጥቤ ማታ ከሱ ጎን እየተቀመጥሁ የማውቀውን ሁሉ እንደማላውቅ ሆኜ ጠየቅሁ። አንድ ጊዜ ሒሳቡን ከመሃል ጀምሮ አበላሸው። ተሳስተሃል ማለት አልችልም፤ ስለዚህ ጥፍሬን እየነከስሁ «ቆይ፣ እዚች ጋ ግራ ገባኝ፣ ይደመራል ነው ይቀነሳል?» አልኩት። ትኩር ብሎ አየና ስህተቱን አገኘው። «አየሽ! ሲገባሽ እኮ ጥሩ ጥያቄ ትጠይቂያለሽ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ጠቀስሽኝ። ሁለታችን አንድ ትልቅ ሥራ የሠራን ይመስል ነበር ጥቅሻሽ።

እሱ ወር በወር እየጎበዘ ሄደ። እኔስ? ዓመቱን ሙሉ «አልገባኝም» ስል የከረመ ሰው መጨረሻ ላይ ራሱን ያምናል። ፈተና አዳራሽ ገብቼ ወረቀቱን ስገልጥ፣ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ደግሞ ወዲያው «ቆይ፣ ይደመራል ነው ይቀነሳል?» እላለሁ። ጽፌ እሰርዛለሁ፣ የሰረዝሁትን መልሼ እጽፋለሁ። ሰዓቱ አለቀብኝ። ውጤቱ ሲመጣ ወንድሜ አለፈ፣ እኔ ለጥቂት ቀረሁ።

ያን ቀን ለማንም «ገና አልወጣም» አላልሽም። ካስክ ውስጥ ያለችው ደንበኛ ሳትሰማ እንዳትቀር ካስኩን አጥፍተሽ ነው የነገርሻት። ሁላችሁም ተሳሳማችሁ፣ ደንበኞቹ እኔንም «አይዞሽ፣ ያንቺም ቀን ይመጣል» አሉኝ። ሲወጡ ጠብቄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁሽ፤ ታስታውሺዋለሽ አይደል?

«ታዲያ እሱስ አይጠብቀኝም?»

እንደ እብድ ነው ያየሽኝ። «እንዴት ብዬ ልጁን ከዕድሉ ላስቀረው?» አልሽኝ።

ንግግርሽ ተንኮል አልነበረበትም፣ ያንን አውቃለሁ። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ከልብሽ ነው የገረመሽ። መንታ አይበላለጥም ስትይ የኖርሽው ሁሉ ለአንድ ወገን ብቻ የሚሠራ ሕግ መሆኑን አንቺም የሰማሽው ያን ቀን ይመስለኛል፤ ሰምተሽም ቢጉዲኑን መልቀም ቀጠልሽ። እኔ ሦስተኛ አልተፈተንሁም። «ልቧ ከትምህርት ወጥቷል» ብለሽ ለሰው ስታስረጂ ሰምቻለሁ። ልቤን ከየት እንዳወጣሽው ግን አላስረዳሽም።

አሁን የምሠራበት ፀጉር ቤት ጥሩ ነው። ባለቤቷ ታከብረኛለች፣ ደንበኞች ስሜን ጠርተው ይመጣሉ፣ እጄም እንዳንቺ እጅ ቀሏል። ፀጉር ሠሪ መሆኔ አላሳፈረኝም፤ አንቺን ያኖረ ሥራ ነው። ሥራውን የመረጥሁት ግን እኔ አይደለሁም። አንዳንዴ የደም ምርመራ ውጤት በቦርሳዋ የያዘች ሴት ትመጣና ወረቀቱን ስታገላብጥ በመስታወቱ ውስጥ አነባለሁ፤ ተገልብጦ ስለሚታየኝ ምንም አይገባኝም። ያኔ ያንቺ ነገር ያንገበግበኛል። ይኼን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድሁ አትጠይቂኝ።

ለምን አሁን ትይኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። ገና ሳይመረቅ ሥራ ማግኘቱን አበሰረኝ፣ እኔም ከልቤ እልል አልኩለት። ከዚያ ትንሽ ፈራ ተባ አለና «አንድ ነገር አስቤያለሁ፣ እንዳትቆጪ። የማታ ትምህርት ላስመዝግብሽ። ጭንቅላትሽ እኮ መጥፎ አልነበረም፣ ትንሽ ቀስ ይል ነበር እንጂ። እኔ ራሴ አስጠናሻለሁ፣ እንደ ድሮው» አለኝ።

እንደ ድሮው! እማዬ፣ ይኼን ሲለኝ በፍቅር ነው። ፈራ ተባ ማለቱን ስሰማ፣ እኔን ጥሎኝ የሄደ እየመሰለው ስንት ዓመት እንደተጨነቀ ገባኝ። አየሽ፣ እንዳይሰበር ብለሽ የደበቅሽው ልጅ ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ ኖሯል፤ እኔም ደንቆሮ ሆኜ ኖሬያለሁ። በሁለታችንም ላይ አንድ ውሸት እኩል አከፋፍለሻል። በዚህስ አላበላለጥሽንም።

«አመሰግናለሁ፣ አስቤበት እነግርሃለሁ» ብዬው ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ መልሼ አልደወልኩለትም። ልዋሸው አልፈልግም። በአንቺ ላይ ክፉ ወሬ አቀባይ መሆንም አልፈልግም።

ስለዚህ አንቺ ንገሪው። ከምረቃው በፊት፣ በራስሽ አፍ፣ እሱን ብቻ ቁጭ አድርገሽ። ድልድይ ሊሠራ የተማረ ሰው ነው፣ ይኼን አይሸከምም ብለሽ አትስጊለት። ከነገርሽው እመጣለሁ፤ ሱፉን አስተካክልለታለሁ፣ ፀጉርሽንም እኔው እሠራልሻለሁ፣ ፎቶም ከጎኑ ቆሜ እነሳለሁ። ካልነገርሽው አልመጣም። ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቀኝ ደግሞ እውነቱን እነግረዋለሁ። ቀኑ የሚበላሸው ያኔ ነው፤ ያበላሸሁት ግን እኔ አይደለሁም።

ከየት እንደምትጀምሪ ይጨንቅሽ ይሆናል። አልቅሰሽ አትጀምሪ፤ ካለቀስሽ እሱ አንቺን ወደ ማባበል ይገባና ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። «ለናንተው ብዬ ነው» ብለሽም አትጀምሪ። የኔን መጎዳት ማስቀደም፣ ጠንካራ ናት ማለት፣ ያ ሁሉ ይቅርብሽ። «እህትህ አልፋ ነበር» በይው። ሦስት ቃል ነው። በዚያ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ማንም ጮክ ብሎ ብሎት አያውቅም።

ልጅሽ