የእማዬ ደወል ለምን ዝም አለ

«ባትሪውን እኔው በእጄ በትክክል አስገብቼዋለሁ። እማዬ ስትወድቅ ግን ደወልህ ትንፍሽ አላለም። ያውም መሐንዲስ ሆነህ፣ አንድ ደወል አቃተህ?»

እንዲህ ብለሽ ጽፈሽልኛል፣ እህቴ። ለማንኛውም ሰላምታዬ ይቅደም። እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? የእማዬስ ዳሌ እንዴት ነው፤ ያለ ደጋፊ ትቆማለች? እኔ ከግራ መጋባቴ በቀር ደኅና ነኝ።

መልሰሽ የላክሽውን፣ እማዬ ከአልጋዋ ሆና አንቺን የምትጠራበትን ደወል ጠረጴዛዬ ላይ ፈታሁት። ውስጡ ከስሏል። እንዲህ የሚያከስለው ተገልብጦ የገባ ባትሪ ነው። ይህንኑ ፈርቼ መግቢያው ላይ ዳዮድ አድርጌ ነበር፤ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ እንደ ክፉ ዘበኛ። እሱ ካለ፣ ባትሪው ቢገለበጥ ደወሉ ዝም ይላል እንጂ አይቃጠልም፤ ሲስተካከል ይጮኻል። አሁን ዳዮዱ የለም። በቦታው ሽቦ ተበይዷል።

የሽቦውን ነገር ከቀድሞ ደብዳቤሽ አገኘሁት። ሬዲዮ ጠጋኙ «ይቺ ዕቃ የባትሪውን ጉልበት ትበላለች» ብሎ ድምፁን አጠነከረልን ብለሽ አመስግነሽው ነበር። እውነት ነው፣ ጥቂት ትበላለች። ዘበኛም ይበላል።

ያልገባኝ ሌላው ነው። በዚያው ደብዳቤ «ከመጠገኑ በፊት አንዳንድ ቀን ባትሪው ተገልብጦ ይገኝ ነበር፤ ሳስተካክለው ይጮኻል» ብለሻል። ባትሪ እንደ ሰው በእንቅልፉ አይገላበጥም። የባትሪው ሳጥን ያለው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ እማዬ አትደርስበትም፣ ባልሽ የሚገባው ከመሸ ነው። ሦስቴ አሰብኩት፣ ሦስቴም ተውኩት። እማዬ በቀን ሃያ ጊዜ በደወሉ እንደምትጠራሽ አውቃለሁ። ለአንድ ሰዓት ለማረፍ ብሎ ባትሪውን የሚገለብጥ ሰው፣ ዳዮዱ እያለ ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ መልሶ ካስተካከለው ደወሉ ይሠራል። ከጠጋኙ ወዲህ ግን አንድ ጊዜ መገልበጥ በቃው። ከዚያ በኋላ በትክክል ቢገባም የሞተ ደወል ነው። እንዲህ ከሆነ አንቺም እኔም አልዋሸንም። ግን እንዲህ ነው? አንቺን መጠርጠሬ ራሱ አልገባኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ከወለል ያነሳትን ባልሽን አመስግኚልኝ። ጠጋኙንም ሰላም በይው፤ ዳዮዴን ግን ይመልስ።

አዲስ ደወል ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ማጥፊያ ላድርግለት ወይስ አላድርግለት? ደክሞሽ ከሆነ «አድርግለት» ብቻ በይ፤ ሌላ አልጠይቅም። እስከዚያው የእማዬ በር ክፍት ይደር። መልሱ በስልክ አይሆንም፤ በእጅሽ ጽፈሽ እስከ ግንቦት 12 ይድረሰኝ።

ወንድምሽ
ከሥራ ጠረጴዛዬ፣ ሚያዝያ 28 ቀን